ውሻ፣ ድመትና የጎረቤት ሐቅ



 

የቤት እንስሳትን በተመለከተ በከተማ ነዋሪ ሙስሊሞች ዘንድ በየጊዜው የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ። በመስጂድ ደጃፍ፣ በደርስ ላይ፣ ሰደቃ በተበላበት ቤት ሳይቀር ይነሳሉ። ሰብሰብ አድርጎ ላዳመጣቸው ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። አብዛኞቹ ስለ ልብስና ስለ ዕቃ ናቸው፤ ውሻ ነካኝ፣ ውሻ ላሰኝ፣ ድመት ከውዱእ ውሃዬ ጠጣች የሚሉ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ስለሚውለው ውሻ፣ ወይም በዚያው ውሻ ስለሚነከሰው የጎረቤት ልጅ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ስለ ጦሃራ መጠየቁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሸሪዓው በነዚህ እንስሳት ጉዳይ የተናገረው ስለ ማጠብ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከለመድነው ጥያቄ እንጀምርና ወደ ተረሳው እንሻገር።

ውሻ ነካኝ፤ ሶላቴስ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውሻ ምላሱን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንዲታጠብ ማዘዛቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሐዲሡ ትክክለኛ በመሆኑ ላይ ልዩነት የለም። ኡለማዎች የተለያዩት በትርጓሜው ነው። በሻፊዒዮችና በሐንበሊዎች ዘንድ በታወቀው አቋም ለሃጩ ብቻ ሳይሆን የውሻ አካል በሙሉ ነጃሳ ነው። ሐነፊዮች ለሃጩን ነጃሳ ሲያደርጉ ፀጉሩንና ገላውን ንጹሕ ነው ይላሉ፤ ሦስት ጊዜ ማጠብም ይበቃል ብለዋል። ኢማም ማሊክ ደግሞ በሕይወት ያለ ውሻ ንጹሕ ነው፣ ዕቃውን ማጠቡም አላህ ስላዘዘ ብቻ የሚፈጸም ዒባዳ ነው የሚል አቋም አላቸው። በሀገራችን አብዛኛው ሙስሊም የሻፊዒን መዝሀብ ሲከተል በወሎና በሌሎችም ስፍራዎች የሐነፊም ሲቀራ ኖሯል። ስለሆነም ሁለት ጎረቤታሞች ከሁለት ሸኾች የተለያየ መልስ ይዘው ቢመጡ የሚያጣላ ነገር የለውም።

ጠንከር ያለውን የሻፊዒዮችን አቋም ለያዘ ሰውም ቢሆን ነገሩ ብዙዎች እንደሚያስቡት አስጨናቂ አይደለም። ደረቅ ነገር ደረቅ ነገርን በመንካቱ ነጃሳ አይተላለፍም። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚያልፍ ደረቅ ውሻ ደረቅ ሱሪህን ቢታከክህ የምታጥበው ነገር የለም፤ ውዱእህም አልፈረሰም። ነጃሳ መንካት ውዱእ እንደማያፈርስ፣ የነካውን ቦታ ብቻ ማጠብ እንደሚበቃ በርካታ ሰዎች አያውቁም። በክረምት ከመንገድ የሚረጨው ጭቃም እንዲሁ ነው፤ ውሻ ሲመላለስበት ቢውልም ለመጠንቀቅ የሚያስቸግረው መጠን ይቅር የተባለ መሆኑን የፊቅህ ሊቃውንት ጽፈዋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ውሾች በመስጂዳቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይሉ እንደነበርና ሶሐቦች በዚያ ምክንያት ውሃ ይረጩ እንዳልነበር ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ውሻ በሩቅ ባየ ቁጥር ልብሱን የሚሰበስብና ከመንገዱ የሚመለስ ሰው ጥንቃቄ ሳይሆን ወስዋስ ነው የያዘው።

አፈሩን በተመለከተ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። አንዳንድ ወንድሞች «አፈር የውሻን ለሃጭ ተሕዋስያን እንደሚገድል በሳይንስ ተረጋግጧል» እያሉ ሲያስተምሩ ይሰማል። ይህ አያስፈልገንም። ትዕዛዙን የተቀበልነው ከመልእክተኛው ስለመጣ ነው። ዛሬ በሳይንስ ስም የደገፍነው ነገር ነገ በሳይንስ ስም ቢነቀፍ ምን ልንል ነው? በሐንበሊ መዝሀብ ሳሙናና መሰል ማጽጃ አፈሩን ሊተካ ይችላል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ በታወቀው አቋም ግን አፈሩ ግድ ነው።

ዘበኛውና የአሠሪው ውሻ

በሰው ግቢ በጥበቃ ሥራ የተሰማሩ፣ በቤት ሠራተኝነትም የሚያገለግሉ፣ ወደ ዓረብ ሀገራት ሄደው በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶችም ጭምር ውሻ ማብላትና ማጠብ የሥራቸው አካል ይሆናል። ይህን ሥራ መሥራት ይፈቀዳል ወይ? ውሻን ማብላት በራሱ አጅር የሚገኝበት ተግባር እንደሆነ ከታች እንመለከታለን፤ ክልክል የሚሆንበት ምክንያት የለም። የሚቀረው የሶላት ልብስ ነው። ለሥራ አንድ ልብስ፣ ለሶላት ሌላ ንጹሕ ልብስ ማዘጋጀት የሚቀለው መንገድ ነው። ይህ ካልተቻለ እርጥበቱ የነካውን ቦታ ማጠብ ይበቃል። ሰባት ጊዜ የሚታጠብበት ውሃና ጊዜ የማያገኝ ሠራተኛ የሐነፊዮችን ወይም የማሊኪዮችን አቋም ቢይዝ የታወቁ ኢማሞችን ተከትሏልና ሶላቱን ሊተው ቀርቶ ሊጠራጠርም አይገባውም። በዚህ ሰበብ «ከሥራ ስመለስ ቀዷ አወጣለሁ» እያለ ዙህርንና ዐስርን የሚያከማች ሰው ትንሹን ችግር ሸሽቶ ትልቁ ውስጥ ገብቷል።

ድመት

የድመት ጉዳይ አጭር ነው። ከብሻ ቢንት ከዕብ ለአማቷ ለአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የውዱእ ውሃ ባቀረበችላቸው ጊዜ ድመት መጣችና እሳቸው ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። እሷም በመገረም ስትመለከታቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዞሩት መሆኗን መናገራቸውን ነገሯት። ሐዲሡን ማሊክ፣ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበውታል። ስለዚህ ድመት የጠጣችበት ውሃ ንጹሕ ነው፤ የተኛችበት መስገጃም ይሰገድበታል። ይሁንና ድመት የምትወደድ መሆኗ ብቻ የሚነገራቸው ሰዎች ሌላውንም ሐዲሥ ቢሰሙ መልካም ነው፤ ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷ ከምድር ለቅማ እንድትበላም ሳትለቃት በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ሰበብ እሳት መግባቷን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ግልገሎቹን በከረጢት ቋጥሮ ወንዝ ዳር የሚጥል ሰው ይህን ሐዲሥ ሰምቶ ይሆን?

ውሻ ማሳደግ ይፈቀዳል?

ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው በየቀኑ ከአጅሩ ቂራጥ፣ በሌላ ዘገባ ሁለት ቂራጥ፣ እንደሚቀነስበት በትክክለኛ ሐዲሥ ተነግሯል። ስለዚህ ለጌጥና ለይታይልኝ ውሻ ማሳደግ የሙስሊም ልማድ ሊሆን አይገባም። የቤት ጥበቃስ? ኢማም ነወዊ በሙስሊም ማብራሪያቸው ሁለት አቋሞች መኖራቸውን ጠቅሰው፣ ቤትንና መንገድን ለመጠበቅ ማኖር በሦስቱ ላይ ተመዝኖ የተፈቀደ ነው የሚለውን አጽንተዋል። ሌባ በሚያሰጋበት ሰፈር ግቢውን በውሻ የሚያስጠብቅ ሙስሊም ወንጀለኛ አይደለም።

ውሻ ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም የሚለውም ሐዲሥ ትክክለኛ ነው። ኸጧቢ ይህ የተፈቀደውን ውሻ አይጨምርም ሲሉ ነወዊ ግን ሁሉንም እንደሚጨምር አመዛዝነዋል። ከሁለቱም አቋም የሚስማማው የውሻው ማደሪያ በግቢው ውስጥ ከሳሎንና ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲሆን ማድረግ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ግቢ የሚባል ነገር የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ ውስጥ የተዘጋ ውሻ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ ባለቤቱ ራሱን ይጠይቅ።

ሰንሰለቱ

አሁን ወደ ተረሳው እንምጣ። ውሻ ለሃጩ ነጃሳ ነው ማለትና ውሻ የተጠላ ነው ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የጦሃራ ሕግ ሲሆን ሁለተኛው ከሸሪዓ የመጣ አይደለም። ብዙ ልጆቻችን ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ነው ያደጉት። ውሻ ላይ ድንጋይ መወርወር የሙስሊምነት ምልክት የሚመስለው ልጅ አለ፤ አይቶ ዝም የሚል አባትም አለ። በቁርኣን ሱረቱል ከህፍ ውስጥ የዋሻው ሰዎች ውሻ ከነአተኛኘቱ ተወስቷል። ውሃ የጠማውን ውሻ አይቶ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ጫማውን ውሃ ሞልቶ ያጠጣ ሰው አላህ ምሕረት እንዳደረገለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲናገሩ፣ ሶሐቦች በእንስሳትም አጅር እናገኛለን ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሕይወት ባለው ሁሉ አጅር እንዳለ መለሱላቸው። የባኒ ኢስራኢል አመንዝራ የነበረችዋም ሴት በተመሳሳይ ሥራ ምሕረት አግኝታለች። ሁለቱንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋቸዋል።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን እንደ ተረት አላለፉትም። በተየሙም ምዕራፍ የጻፉትን ተመልከቱ። ውሃ ኖሮት ውዱእ ቢያደርግበት ለእንስሳው የሚጠጣ የማይተርፈው ሰው ውሃውን ለተጠማው እንስሳ ትቶ በአፈር ተየሙም አድርጎ ይሰግዳል። ሐነፊዮች በዚህ ስፍራ ውሻን በስም ጠቅሰዋል። ለሃጩን ነጃሳ ያሉት ሊቃውንት ራሳቸው የሶላትን ውሃ ከሰውየው እጅ ወስደው ለውሻው ሰጥተውታል ማለት ነው።

በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒ ሊቅ ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም የእንስሳት ሐቆችን በዘረዘሩበት ጽሑፋቸው፣ እንስሳ አርጅቶ ወይም ታሞ የማይጠቅም ቢሆን እንኳ ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑን አስፍረዋል። በሰፈራችን የሚታየው ግን ሌላ ነው። ውሻው ቡችላ ሳለ ይገዛል፤ ካደገ በኋላ በቆርቆሮ አጥር ጥግ በአንድ ክንድ ሰንሰለት ይታሰራል፤ ዝናቡም ፀሐዩም ይፈራረቅበታል፤ «ክፉ እንዲሆን» ተብሎ ሆን ተብሎ የሚራብም አለ። ሲያረጅ በሌሊት በመኪና ተወስዶ ሌላ ሰፈር ይጣላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ልብሱን ሰባት ጊዜ ቢያጥብ ከሐቁ አይወጣም። ረሃብና እሥር ውሻን ጎበዝ ጠባቂ እንደማያደርጉት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነው የሚያደርጉት።

ከእንስሳት ጋር ተጠንቅቆ መኖር ለሀገራችን ሙስሊም እንግዳ አይደለም። በሐረር የጀጎል ግንብ ላይ ጅቦች የሚመላለሱባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በዐሹራ ሌሊትም ለጅብ ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ። ከልማዱ ጋር የሚያያዙትን እምነቶች እዚህ ላይ ለመመርመር አልተነሳንም። ነገር ግን ጅብን በግንቡ ያሳለፈ ከተማ ባለበት ሀገር ውሻን በድንጋይ ማባረር የሃይማኖት መገለጫ ሊሆን አይችልም።

የሱብሂ መንገድ

በከተማችን ለመስጂድ ተመላላሾች ትልቁ ችግር ይህ ነው። ብዙ ባለ ግቢዎች ውሾቻቸውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ውጭ ይለቃሉ። ባለቤት ከሌላቸው ጋር ይቀላቀሉና ለሱብሂ የሚወጣውን ሽማግሌ መሄጃ ያሳጡታል። በዚህ ምክንያት ሱብሂን በቤታቸው መስገድ የጀመሩ አሉ። ለነፍሱ በትክክል የሰጋ ሰው ከጀማዓ መቅረት ዑዝር እንዳለው ሊቃውንት ስለተናገሩ ወንጀል የለባቸውም። ግን መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች «ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርገን ብናስቀምጥስ?» ብለው ይጠይቃሉ።

መልሱ አይፈቀድም ነው። መዲና ውስጥ በአንድ ወቅት ውሾች እንዲገደሉ ታዞ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆየት ብለው ያንን ማስቆማቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ዘገባ ደግሞ ውሾች እንደ ሌሎቹ ፍጥረታት አንድ ኡማ በመሆናቸው ሁሉንም ከማስገደል መታቀባቸውን ተናግረዋል። የተፈቀደው የሚናከሰውንና ያበደውን መግደል ነው፤ በእሱ ላይ ስምምነት አለ። ለማንም ያልደረሰውን ግን ያ ፈቃድ አይመለከተውም። መርዝ ደግሞ አይመርጥም። የሚናከሰውንም፣ የዘበኛውንም ውሻ፣ የጎረቤትንም ድመት፣ በድኑን የሚበላውንም አሞራ ይገድላል። ሥጋውን ልጅ ቢያነሳውስ? መግደል ግድ በሆነበት ጊዜ እንኳ አገዳደልን ማሳመር የታዘዘ ሲሆን፣ ውሻ በየቦዩ ለሰዓታት እየተንፈራገጠ የሚሞትበት መንገድ ከዚያ ትዕዛዝ እጅግ የራቀ ነው።

ጥያቄው መቅረብ የሚገባው ለባለቤቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤቱ ከጉዳቱ የማይተማመንበት ሰው አላመነም ብለው ሦስት ጊዜ መማላቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ውሻውን በሌሊት የሚለቅ ሙስሊም ከዚህ ሐዲሥ ውጭ ነኝ የሚልበት መንገድ አይታየንም። «እንስሳ ያደረሰው ጉዳት ካሳ የለውም» የሚል ሐዲሥ ሰምቻለሁ የሚል ካለ፣ ሊቃውንት ያንን የተረዱት ባለቤቱ ጥፋት ባልፈጸመበት ሁኔታ መሆኑን ይወቅ። ውሻው ተናካሽ መሆኑን እያወቀ የለቀቀ ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የሀገራችን ሕግም አይለይም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው አምልጦት እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ የጀማዓው ሽማግሌዎች ባለ ግቢውን ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ቤቱ ድረስ ሄደው በመልካም ቃል ያነጋግሩት፤ እምቢ ካለ ወደ ወረዳ ማመልከት መብታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለትና ሦስት ሆኖ መሄድ፣ ባትሪና በትር መያዝ ይቻላል።

ውሻ የነከሰው ሰው

ይህን በመጨረሻ አካባቢ ብናመጣውም ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። በሽታው ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች ይሞቱበታል፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ ናቸው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ከ10ሩ 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጅ ውሻ እንደነከሰው ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ አይናገርም፤ ቁጣ ይፈራል። ልብሱ ስለመነጀሱ ከሚቆጣ አባት ይልቅ ቁስሉን የሚያይ አባት ያስፈልገዋል።

ክትባቱ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ በጊዜ ከተወሰደ ያድናል። የተነከሰውን ወይም የተቧጨረውን ቦታ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። በሽታው በሰውነት ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ተደብቆ ስለሚቆይ «ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ምንም አልሆነም» ማለት ማረጋገጫ አይደለም። ድመትም ልታስተላልፈው ትችላለች።

በዚህ ላይ «ሩቅያ እናስደርግለትና እንየው» ወይም «የሀገር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ቁርኣን መቅራቱ በረካ አለው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት ፈልጉ ብለው አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱንም ተናግረዋል። ሩቅያው በክትባቱ መንገድ ላይ እያሉ ሊደረግ ይችላል። መድኃኒቱ በደጃፍ እያለ ልጁን ለሳምንታት ማቆየት ተወኩል አይባልም። የቤት ውሻን በየጊዜው ማስከተብም እንዲሁ በባለቤቱ ላይ ያለ የጎረቤት ሐቅ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል መዛመቱ ይገታል።

ወፍና የቡችላ ዋጋ

የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ባጭሩ እንመልሳለን። ወፍ ወይም እርግብ በጎጆና በቀፎ ማኖር ቀለቡና ውሃው ከተሟላለት ይፈቀዳል። የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ እንደነበረውና ወፏ በሞተችበት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጁን ሊያጫውቱት ስለሷ እንደጠየቁት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ኢብኑል ቃስ የተባሉት የሻፊዒ ሊቅ ከዚች አጭር ሐዲሥ ከ60 በላይ ቁም ነገሮችን አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል።

የውሻን ዋጋ በተመለከተ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸውን አቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ስላስተላለፉ አብዛኞቹ ኡለማዎች መሸጡን አይፈቅዱም። ሐነፊዮች ጥቅም ያለውን መሸጥ ይቻላል ብለዋል። ለጥበቃ ውሻ የሚያስፈልገው ሙስሊም ሳይገዛ በስጦታ የሚያገኝበት መንገድ ካለ ያ ይሻለዋል፤ በየሰፈሩ ባለቤት ያጡ ቡችሎች ሞልተዋልና ይህን ያህል የሚያስቸግር አይሆንም። ወላሁ አዕለም።